ከሙከራ ማሳ እስከ ጆርናል፦ የምርምር ውጤት እንዴት ይታተማል?

በምርምር ማዕከል የሙከራ ማሳ ላይ የተዘራ ሰብል ታጭዶ፣ ተወቅቶና ተመዝኖ ሲያበቃ ሥራው የተጠናቀቀ ይመስላል። ተመራማሪው የምርቱን መጠን በመዝገቡ ያሰፍራል፤ ዓመታዊ ሪፖርቱን ለኀላፊው ያቀርባል፤ ቀጣዩ ክረምት ሲገባ ወደ ሌላ ሙከራ ይሻገራል። ሪፖርቱም ከቀደሙት አጠገብ ይቀመጣል። ለእንዲህ ዓይነቱ ጥናት «መደርደሪያ ማሞቂያ» የሚል ምሬት አዘል ስም የወጣለት ያለ ምክንያት አይደለም።

የዚህን ልማድ ዋጋ የሚከፍለው ግን ተመራማሪው ብቻ አይደለም። ሦስት ክረምት የፈጀ ሙከራ ሳይታተም ከቀረ፣ በሌላ ዞን የሚሠራ ባለሙያ ያንኑ ጥያቄ አንሥቶ ሌላ ሦስት ክረምት ሊፈጅበት ይችላል። ገንዘቡ የመንግሥት ነው፤ ብዙ ጊዜም መሬቱ የአርሶ አደሩ ነው። ለረጅም ዓመታት 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ በሄክታር የሚለው አንድ ወጥ የማዳበሪያ ምክር ለቀይ አፈሩም ለጥቁሩም፣ ለደጋውም ለቆላውም ሲሰጥ ቆይቷል። አፈርን ከአፈር ለይቶ መምከር የሚፈልግ ባለሙያ በየአካባቢው የተሠሩትን ሙከራዎች ጎን ለጎን አድርጎ ማየት አለበት። ያልታተመውን ከየት አምጥቶ ያየዋል? «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው የአበው ብሂል ለሳይንስም ይሠራል።

የእንዶድ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በርክተው አስተዋሉ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዝያ ተሸካሚዎች በመሆናቸው ጉዳዩ ቀላል አልነበረም። ተመራማሪው በዓይን ያዩትን በቤተ ሙከራ ፈተሹ፤ የመጀመሪያውን ሪፖርትም በማግሥቱ ዓመት በኢትዮጵያ የሕክምና ጆርናል አወጡ። እንዶድ ልብስ ማጠቢያ መሆኑን እናቶች ከጥንት ጀምሮ ያውቁ ነበር። ቀንድ አውጣ የሚገድል መሆኑ ግን በስም፣ በቀንና በመጠን ተመዝግቦ ለዓለም የቀረበው በዚያ ጽሑፍ ነው። ፕሮፌሰር አክሊሉ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አግኝተዋል።

ጽሑፉ ረጅም መሆንም የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1998 በኡጋንዳ የስንዴ ማሳ ላይ ያልተለመደ የግንድ ዋግ ታየ፤ እስከዚያ ድረስ በሽታውን ይቋቋሙ የነበሩ ዝርያዎች ተጠቁ። ናሙናውን የመረመሩት የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች ግኝታቸውን በ2000 «ፕላንት ዲዚዝ» በተባለው ጆርናል ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ማስታወሻ አሳተሙ። ዛሬ «ዩጂ 99» በመባል የሚታወቀው ይኸው የዋግ ዓይነት በ2003 ኢትዮጵያ ውስጥ ሲገኝ፣ ባለሙያዎች ምን እንደገጠማቸው ለማወቅ ከዜሮ መነሣት አላስፈለጋቸውም። አንዲት ገጽ ድንበር ተሻግራ ከበሽታው ቀድማ ደርሳ ነበር።

ታዲያ ብዙ ተመራማሪዎች ለምን አያሳትሙም? ስንፍና ነው ብሎ መደምደም ይቀላል፤ ትክክል ግን አይደለም። አብዛኞቹ ሙከራ መዘርጋትን እንጂ ስለ ሙከራው ለጆርናል መጻፍን በወጉ አልተማሩም። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ መቶ ገጽ የሚደርስ የመመረቂያ ጽሑፍ ይጽፋል፤ ከዚያ «ይህን አሳጥረህ አሳትመው» ይባላል። ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ተማሪው ብዙ ማንበቡንና ብዙ መሥራቱን ለፈታኝ የሚያሳይበት ነው። የጆርናል ጽሑፍ ግን ተማሪውን ለማያውቅ አንባቢ አንድ አዲስ ነገር የሚነገርበት ነው። መቶውን ገጽ ወደ አሥራ አምስት የሚያወርደው ማሳጠር ሳይሆን መምረጥ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ብዕር ከማንሣት በፊት ይመጣል፤ ይኸውም «ይህ ጥናት ከእርሱ በፊት ያልታወቀ ምን ነገር አሳወቀ?» የሚለውን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ ነው። መልሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ካልተገኘ ጽሑፉ ገና አልደረሰም። ሁለተኛው ሥራ ጆርናሉን አስቀድሞ መምረጥ ነው። ብዙዎች ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ማረፊያ ይፈልጋሉ፤ የተሻለው መንገድ ግን የሚላክበትን ጆርናል የቅርብ ጊዜ እትሞች አንብቦ፣ ለማን እንደሚጻፍ አውቆ መጀመር ነው። ስለ አንድ ወረዳ የበግ እርባታ የሚያትት ጽሑፍ ስለ ዘረ መል ብቻ ለሚያትም ጆርናል ቢላክ ጥራቱ ሳይታይ ከአርታዒው ጠረጴዛ ይመለሳል።

የሳይንስ ጽሑፍ የታወቀ አወቃቀር አለው፦ መግቢያ፣ ሥነ ዘዴ፣ ውጤትና ውይይት። መግቢያው ከታወቀው ተነሥቶ ወደማይታወቀው በፍጥነት መድረስ አለበት። «ግብርና የኢትዮጵያ ኢኮኖሚ የጀርባ አጥንት ነው» ብለው የሚጀምሩ ጽሑፎች ተቆጥረው አያልቁም። እውነትነቱን የሚክድ የለም፤ አርታዒው ግን ያን ዓረፍተ ነገር እስኪሰለቸው ያነበበ ሰው ነው።

ብዙ ጽሑፎች የሚሰናከሉት ሥነ ዘዴው ላይ ነው። መለኪያው ግልጽ ነው፦ ሌላ ተመራማሪ ጽሑፉን ብቻ ይዞ ሙከራውን መድገም መቻል አለበት። የቦታው ከፍታ፣ የአፈሩ ዓይነት፣ የወቅቱ የዝናብ መጠን፣ ቀድሞ የነበረው ሰብል፣ የእያንዳንዱ መደብ ስፋት፣ የድግግሞሹ ብዛት፣ የትኛው ዝርያ በየትኛው መደብ እንደሚዘራ በዕጣ መወሰኑ፣ እነዚህ ሁሉ ካልተጻፉ ገምጋሚው ሊያምን አይችልም። «ማዳበሪያ በወቅቱ ተጨመረ» የሚል ዓረፍተ ነገር በገበሬ ስብሰባ ላይ ያግባባ ይሆናል፤ ለጆርናል ግን ከዘር በኋላ በስንተኛው ቀን፣ በሄክታር ስንት ኪሎ የሚለው ያስፈልጋል።

በውጤት ክፍል በሠንጠረዥ የቀረበውን ቁጥር በቃላት መድገም ሌላው የተለመደ ግድፈት ነው። ውይይቱ ደግሞ ቁጥሩ ለምን እንዲህ እንደሆነ፣ ከሌሎች ግኝቶች ጋር የት እንደሚስማማና የት እንደሚለይ ማስረዳት ይጠበቅበታል። በዚህ ረገድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፤ «በዝርያዎቹ መካከል ልዩነት አልታየም» የሚለውም ውጤት ነው። አዲሱ ዝርያ ከነባሩ አልበለጠም የሚል ጥናት ቢታተም ለዘር ከሚወጣ አላስፈላጊ ወጪ ያድናል። ተመራማሪዎች ግን እንዲህ ያለውን ውጤት እንደ ውድቀት ቆጥረው ይደብቁታል፤ ይህ ከሁሉ የከፋው ብክነት ነው።

ጽሑፉ ከተላከ በኋላ የሚሆነውን አለማወቅም ብዙዎችን ያስደነግጣል። በመጀመሪያ አርታዒው ተመልክቶ ከጆርናሉ ዓላማ ጋር መስማማቱን ይወስናል። ያለፈው ጽሑፍ በዘርፉ ለሚሠሩ ሁለት ወይም ሦስት ባለሙያዎች ይላካል፤ እነዚህ ገምጋሚዎች አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክፍያ አንብበው አስተያየት ይሰጣሉ። ሂደቱ ወራትን ይወስዳል። እንዳለ የሚታተም ጽሑፍ እጅግ ጥቂት ነው። «ከፍተኛ ማሻሻያ ይደረግበት» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ወጣት ተመራማሪ ብዙ ጊዜ ውድቅ የተደረገ መስሎት ጽሑፉን ይተወዋል። እንዲያውም ደብዳቤው መልካም ዜና ነው፤ አርታዒው በሩን አልዘጋም።

የትችት አቀባበል ባህላችን እዚህ ላይ ይፈተናል። የማይታወቅ ሰው «ይህ መደምደሚያ በመረጃው አልተደገፈም» ብሎ ሲጽፍ እንደ ስድብ የሚወስድ አለ። የተለመደው አሠራር የገምጋሚውን አስተያየት አንድ በአንድ ገልብጦ፣ ከእያንዳንዱ ሥር ምን እንደተሻሻለና በስንተኛው መስመር ላይ እንደሚገኝ መጻፍ ነው። ገምጋሚው ከተሳሳተም በአክብሮት፣ በማስረጃ አስደግፎ መሞገት ይፈቀዳል። የማይፈቀደው አንድን ጽሑፍ በተመሳሳይ ጊዜ ለሁለት ጆርናሎች መላክ ነው።

የደራሲዎች ስም ዝርዝርም ጠብ የሚያስነሣ ጉዳይ ነው። በዓለም አቀፉ አሠራር ደራሲ የሚባለው በጥናቱ አሳብ፣ በሥራው ወይም በትንተናው የጎላ ድርሻ ያለው፣ በጽሑፉ ዝግጅት የተሳተፈና ለይዘቱ ኀላፊነት የሚወስድ ሰው ነው። ወንበር ብቻውን ደራሲ አያደርግም። መረጃ በመሰብሰብ የረዱ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ማሳቸውን የሰጡ አርሶ አደሮች በምስጋናው ክፍል መነሣት ይገባቸዋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ጉዳት የሚያደርሰው ግን አጭበርባሪ ጆርናል ነው። አሜሪካዊው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ጄፍሪ ቢል «አዳኝ» ብሎ የጠራቸው እነዚህ አሳታሚዎች ለተመራማሪው ኢሜይል ይልካሉ፤ «ክቡር ሊቅ» እያሉ ያሞግሱታል፤ በቀናት ውስጥ እንደሚያትሙለት ቃል ይገቡለታል። ከዚያም በዶላር ክፍያ ይጠይቃሉ። ግምገማ የለም፤ ስማቸው ከታወቀ ጆርናል ስም ጋር እንዲምታታ ተደርጎ የተመረጠ ነው፤ አንዳንዴም በአርታዒነት የተዘረዘሩት ምሁራን ስማቸው እንደገባ እንኳ አያውቁም። ገንዘቡ መጥፋቱ አንድ ነገር ነው። የሚብሰው ግን አንድ ጊዜ በዚያ የወጣ ጽሑፍ በሌላ እውነተኛ ጆርናል ሊታተም አለመቻሉ ነው፤ የሦስት ክረምት ሥራ በዚያው ይቀራል።

ክፍያ መጠየቅ ብቻውን የማጭበርበር ምልክት አለመሆኑንም ማወቅ ያሻል። ለአንባቢ በነጻ የሚቀርቡ ብዙ እውነተኛ ጆርናሎች ከደራሲው ያስከፍላሉ። ሆኖም ኢትዮጵያን ጨምሮ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ሀገራት ለሚመጡ ደራሲያን ክፍያውን የሚያስቀሩ ታላላቅ አሳታሚዎች አሉ፤ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ጽሑፉ ከመላኩ በፊት ነው። የጆርናሉን ማንነት ለማጣራት እ.ኤ.አ. በ2003 በስዊድን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የነጻ ተደራሽ ጆርናሎች ማውጫ ይረዳል። በሀገር ውስጥም ትምህርት ሚኒስቴር ጆርናሎችን እየመዘነ እውቅና ይሰጣል።

እገዛ የሚገኝባቸው ቦታዎች ከሚታሰበው በላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 የተቋቋመው «ኦተርኤይድ» በማደግ ላይ ባሉ ሀገራት ለሚሠሩ ተመራማሪዎች በኢንተርኔት የጽሑፍ ኮርሶችን በነጻ ይሰጣል፤ ጀማሪውን ልምድ ካለው ተመራማሪ ጋርም ያገናኛል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በ2003 የጀመረው «አጎራ» ደግሞ በክፍያ ብቻ የሚነበቡ የግብርና ጆርናሎችን ለኢትዮጵያ ተቋማት ክፍት ያደርጋል። ብዙ ባለሙያ ተቋሙ በዚህ መመዝገቡን ወይም አለመመዝገቡን ጠይቆ አያውቅም። ለመጀመሪያ ጽሑፍ የሀገር ውስጥ ጆርናሎችን መናቅ አይገባም፤ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና እንደ ሐረማያ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያሳትሟቸው ጆርናሎች ለሀገሪቱ አፈርና ሰብል ቅርብ የሆነ አንባቢ አሏቸው።

በተቋማት የሚሰጠው ሥልጠና ግን መልኩን መቀየር አለበት። አበል ተከፍሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ በአንድ ቀን የሚበተን አዳራሽ ጽሑፍ አያወጣም። ተሳታፊው የራሱን መረጃ ይዞ መጥቶ ረቂቅ ይዞ የሚወጣበት፣ ከዚያም አንድ አንጋፋ ባለሙያ እስከ ኅትመት የሚከታተልበት ሥልጠና ዋጋ አለው። ወጪ የማይጠይቅ አማራጭም አለ፦ አምስት ስድስት ባልደረቦች በሳምንት አንድ ቀን ተሰብስበው የአንዱን ረቂቅ ቢያነቡ፣ ገምጋሚ የሚያገኘውን ስሕተት ቀድመው ያገኙታል።

የእንግሊዝኛ ጉዳይ ብዙዎችን ያስፈራል። በአማርኛ አስቦ፣ ዋናውን አሳብ በአማርኛ አስፍሮ ከዚያ መተርጎም ነውር የለውም፤ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ከረጃጅሞቹ ይልቅ ከስሕተት ይጠብቃሉ። ቋንቋ ለማረም ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የተጠቀመም ብዙ አሳታሚዎች እንዲገልጽ ያስገድዳሉ፤ መሣሪያውን በደራሲነት መመዝገብም አይፈቅዱም። የታተመው ውጤት በአንድ ገጽ አማርኛ ተጠቃሎ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ቢደርስ ደግሞ ማሳውን የሰጠው አርሶ አደር የሥራውን መጨረሻ ይሰማል።

ለዘንድሮ ሙከራ የሚዘጋጅ ተመራማሪ ጽሑፉን የሚጀምረው ከአዝመራ በኋላ ሳይሆን በዘር ጊዜ ነው። የዘር ቀን፣ የአፈር ናሙና፣ የየዕለቱ ዝናብ፣ በሽታ የታየበት ቀን በዕለቱ ተመዝግበው፣ መዝገቡም በሁለት ቦታ ሊቀመጥ ይገባል። በሐምሌ ያልተለካ ዝናብ በጥር ጽሑፉ ሲጀመር ከየትም አይገኝም።