ውበትና ምስክርነት፦ የደቦል አንበሳን ምስል ስለማንሳትና ስለማጥራት



በቢሮዬ ግድግዳ ላይ ለብዙ ጊዜ ተሰቅሎ የኖረ አንድ ፎቶግራፍ ነበር። በታንዛኒያ ሴሬንጌቲ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ከሣር መካከል ቀና ብላ የምትመለከት የአንዲት ደቦል አንበሳ ምስል ነው። ያየው ሁሉ ያደንቀው ነበር። አንድ ቀን ግን አንበሶችን የሚያጠና ወዳጄ መጥቶ ፊቷን ጠጋ ብሎ ተመለከተና «ይህች ማን ናት?» ሲል ጠየቀኝ። የሚቀልድ መሰለኝ፤ እርሱ ግን የምሩን ነበር። የዛሬው ንግግሬ ያን ጥያቄ መመለስ ለምን እንዳቃተኝ የሚያስረዳ ነው።

አንበሳ እንደ ሜዳ አህያ ወይም እንደ ነብር በገላው ላይ የሚለይበት ዝንጉርጉር መልክ የለውም። ደቦል ሳለ የሚታዩበት ጠቃጠቆዎችም ዕድሜው ሲገፋ ይደበዝዛሉ። ሆኖም በላይኛው ከንፈሩ ግራና ቀኝ፣ ጢሞቹ በሚበቅሉበት ስፍራ፣ በረድፍ የተሰደሩ ጥቁር ነቁጦች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1970 ፔኒኩዊክና ሩድናይ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ የላይኛው ረድፍ ነቁጦች ከበታቻቸው ካለው ረድፍ አንጻር የያዙት ቦታ ከአንዱ አንበሳ ወደ ሌላው እንደሚለያይ አሳዩ። አቀማመጡ ከደቦልነት እስከ እርጅና ስለማይለወጥ፣ ለአጥኚዎች እንደ ጣት አሻራ ያገለግላል። አንዱ ጉንጭ ከሌላው ስለሚለይም ሁለቱም ወገኖች መነሳት አለባቸው።

ይህ አሻራ በምስል ላይ ምን ያህል ቦታ ይይዛል? አንድ ነቁጥ 5 ሚሊሜትር ስፋት አለው እንበል። በ600 ሚሊሜትር ሌንስ ከ30 ሜትር ርቀት ስናነሳው፣ በካሜራው ሴንሰር ላይ የሚያርፈው ምስሉ 0.1 ሚሊሜትር ያህል ነው። የአንዱ ፒክስል ስፋት 0.005 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ነቁጡ ከዳር እስከ ዳር 20 ፒክስል ይሸፍናል። ርቀቱ 100 ሜትር ሲሆን ግን 6 ፒክስል ብቻ ይቀረዋል። የአንድ አንበሳ ማንነት የተንጠለጠለው በእነዚህ ጥቂት ፒክስሎች ላይ ነው።

ሁለተኛው ችግር ብርሃን ነው። ደቦሎች በብዛት የሚቦርቁት በማለዳና በምሽት ነው። እንቅስቃሴያቸውን ሳይደበዝዝ ለመያዝ ደግሞ የካሜራው መዝጊያ ለሰከንድ 1/1000 ያህል ብቻ መከፈት ይኖርበታል። ብርሃን ሴንሰሩ ላይ የሚደርሰው ፎቶን በሚባሉ ቅንጣቶች ሲሆን፣ አወራረዳቸው እንደ ዝናብ ጠብታ ነው፤ በጠቅላላው እኩል ቢመስልም ከፒክስል ፒክስል ይበላለጣል። የብልጫው መጠን የቁጥሩ ስኩዌር ሩት ነው። 10,000 ፎቶን በሚያገኝ ፒክስል መዋዠቁ 100፣ ማለትም 1 በመቶ ይሆናል፤ 100 ፎቶን ብቻ በሚያገኝ ፒክስል ግን 10፣ ማለትም 10 በመቶ ይደርሳል። የምሽት ምስል አሸዋ የተነሰነሰበት የሚመስለው ስለዚህ ነው። ባለሙያዎች ይህን «ኖይዝ» ይሉታል።

ኖይዝን የሚቀንሰው የተለመደው ስልት ጎረቤታም ፒክስሎችን እያማከለ ልዩነታቸውን ያለሰልሳል። ነገር ግን 6 ፒክስል ስፋት ያለውን ደብዛዛ ነቁጥ ከአሸዋው መለየት ይሳነዋል፤ ሁለቱንም አብሮ ይጠርጋል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት አዳዲስ መሣሪያዎች ደግሞ ከዚህ የባሰ አደጋ አላቸው፤ ከተማሯቸው ሌሎች ምስሎች ተነስተው ሊኖር ይችላል ያሉትን ይሥላሉ። የመጀመሪያው አሻራን ያጠፋል፤ ሁለተኛው የሌላ አሻራ ሊያትም ይችላል።

የብርሃንና የጥላ ንጽጽርን ማጉላትም እንዲሁ ንጹሕ ሥራ አይደለም። የአንበሳ አፍንጫ በልጅነቱ ሮዝ ሲሆን ከዕድሜ ጋር በጥቁር እየተነቆጠ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2004 በ«ኔቸር» መጽሔት የወጣ ጥናት፣ አዳኞች ያልበሰሉ ወንድ አንበሶችን ከመግደል እንዲቆጠቡ ይህን ጥቁረት የዕድሜ መለያ አድርገው እንዲጠቀሙበት ሐሳብ አቅርቦ ነበር። እንግዲህ ጥላውን ያለልክ ያጠቆረ ሰው ሳያውቀው ጎረምሳውን አንበሳ በምስሉ ላይ ያስረጀዋል።

ምስልን ማጥራት አይገባም ማለቴ አይደለም። ማጥራት ግን ወሰን ያስፈልገዋል። ካሜራው ሳይነካካ የመዘገበው ጥሬ ፋይል መቼም አይሰረዝም። ባለ 14 ቢት ጥሬ ፋይል በእያንዳንዱ ፒክስል እስከ 16,384 የብርሃን ደረጃ ሲይዝ፣ የተለመደው የጄፔግ ፋይል በእያንዳንዱ ቀለም የሚይዘው 256 ብቻ ነው። የማጥራቱ ሥራ በቅጂው ላይ ይከናወን፤ ሰማዩና ሣሩ ሲለሰልሱ አፍና አፍንጫው በጭምብል ይከለሉ፤ የተደረገው ለውጥ ሁሉ በጽሑፍ ይያዝ። ከሁሉ በፊት ደግሞ እንስሳው ይቅደም፤ እናት ደቦሎቿን በደበቀችበት ስፍራ ለተሻለ ምስል ብሎ መኪና ማስጠጋት የሚያሳፍር ተግባር ነው።

በአገራችንም በሱዳን ድንበር በሚገኘው በአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሶች መኖራቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ለዓለም ሲገለጽ፣ ከማስረጃዎቹ መካከል ኮቴዎችና እንስሳ ሲያልፍ በራሱ በሚያነሳ ካሜራ የተገኙ ምስሎች ነበሩ። የእነዚያ ምስሎች ዋጋ በውበታቸው አልተለካም፤ የተለካው «አንበሳ እዚህ አለ» ብለው በመመስከራቸው ነው።

ወደ ወዳጄ ጥያቄ ልመለስ። የደቦሏን ፊት አለስልሼው ስለነበር ከጉንጮቿ ላይ አንድም ነቁጥ ሊቆጠር አልቻለም። ጥሬውን ፋይል ደግሞ ቦታ ለማስለቀቅ ብዬ ሰርዤዋለሁ። ወዳጄ በመዝገቡ ውስጥ ከነበሩት ደቦሎች መካከል የትኛዋ እንደሆነች፣ በዚያ ምሽት በሕይወት የታየችው የማን ልጅ እንደሆነች ማወቅ ሳይችል ሄደ። እኔም ምስሉን ከግድግዳዬ አወረድኩት። ውብ ነበር፤ የማን እንደሆነ ግን አይናገርም።