ከውሉ ውጭ ያለው ወጪ፦ ከሐይቅና ከአምባሰል ልጅን ዩኒቨርሲቲ ማስተማር

በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሰው በነጻ አይማርም። ሲመዘገብ የሚከፍለው ነገር ስለሌለ ብዙ ወላጅ ነጻ ይመስለዋል፤ ሕጉ ግን ሌላ ይላል። በ1995 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 91 የተጀመረው የከፍተኛ ትምህርት የወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ የትምህርቱን ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ እንዲሸፍን ያስገድዳል። ክፍያው የሚጀምረው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ነው። ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ፣ ቢበዛ በ15 ዓመት ውስጥ ይጠናቀቃል። ያለው ቤተሰብ አስቀድሞ ከከፈለ ይቀነስለታል። ለመምህርነት የሠለጠነ ደግሞ ዕዳውን በማስተማር አገልግሎት እንዲያወራርድ ተፈቅዶለታል።

ይህ ሁሉ በአንድ ቅጽ ላይ ይሰፍራል። ተማሪው በየዓመቱ የሚፈርመው የወጪ መጋራት ውል ጉርድ ፎቶ ይለጠፍበታል፤ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የእናት ሙሉ ስም ከነአድራሻዋ፣ መሰናዶ የተማረበት ትምህርት ቤት፣ የገባበት የትምህርት ክፍል ይሞላበታል። ከዚያ ምርጫው ይመጣል፦ ምግብ ብቻ፣ መኝታ ብቻ ወይስ ሁለቱንም? በዓይነት ወይስ በጥሬ ገንዘብ? ከግቢው ካፌ የማይበሉት፣ ተማሪው «ኖን ካፌ» የሚላቸው፣ የምግባቸውን ገንዘብ በየወሩ በእጃቸው ይቀበላሉ፤ ዕዳው ግን ያው ነው። በመጨረሻ የዓመቱ ግምት ይጻፍና ይፈረማል። ቅጹ የእናትን ስም አጥብቆ ይጠይቃል፤ እናቲቱ ምን እንዳላት ግን አይጠይቅም። በአንድ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓይነት ትምህርት የሚማሩ የአምባሰል ገበሬ ልጅና የአዲስ አበባ አስመጪ ልጅ የሚፈርሙት አንድ ዓይነት ቁጥር ነው።

ከሥራ በኋላ ከገቢ ላይ የመቁረጡ ዘዴ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1989 ከጀመረችው ጋር ይመሳሰላል። አሜሪካ በሌላ መንገድ ትሄዳለች። በዲቪ ሄደው የከተሙ ወሎዬዎች ልጃቸው ኮሌጅ ሲደርስ የሚሞሉት ፋፍሳ የተባለው ማመልከቻ የወላጅን ገቢና ንብረት አንድ በአንድ ይጠይቃል፤ ድጎማውና ብድሩም በዚያ ይመዘናል። የኢትዮጵያው አሠራር ቀላልነቱ ጥሩ ጎን አለው። ገቢው በቁና የሚሰፈር አርሶ አደር የደመወዝ ማስረጃ አምጣ አይባልም፤ ቅጽ መሙላት ስላልቻለም የልጁ ዕድል አይቀርም። ጉድለቱ ዞሮ የሚመጣው ልጁ ግቢ ከገባ በኋላ ነው፤ ማን እንደሚቸገር ያጣራ ስለሌለ ማን መታገዝ እንዳለበት የሚያውቅ የለም።

ተማሪን ማን ያብላው የሚለው ጥያቄ ለሐይቅና ለአምባሰል አካባቢ አዲስ አይደለም። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞአ ካቋቋሙት ትምህርት ቤት ብዙ ደቀ መዛሙርት ወጥተዋል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእነርሱ እንደ አንዱ ይቆጠራሉ። የቤተ ክህነት ተማሪ በየደጁ እየለመነ፣ ምእመናን እየመጸወቱት ይማር ነበር። በወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት የቀራው ደረሳም እንዲሁ በአካባቢው ሰው እጅ ይበላ ነበር። ወጪው በመንደሩ ሁሉ ላይ ስለሚበተን ማንም ብቻውን አይከብደውም፤ ተማሪውም የሚፈርመው ዕዳ አልነበረበትም።

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲጀመር ሸክሙን መንግሥት ወሰደው። በምላሹ የተጠየቀው ጉልበት ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር፣ አብዛኛው በመምህርነት፣ እንዲያገለግል ይላክ ነበር። በደርግ ዘመንም ትምህርቱ ከነምግቡ በመንግሥት ቀጠለ። መስመሩ የተቀየረው በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። መንግሥት ቅድሚያ ሰጥቶ የሚከፍለው እስከ 10ኛ ክፍል እንዲሆን፣ ከዚያ በላይ ግን ተማሪው ወጪ እንዲጋራ ፖሊሲው አመለከተ። ደንቡ ዘጠኝ ዓመት ዘግይቶ፣ አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች በየክልሉ መከፈት ሲጀምሩ መጣ። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግቢ ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲም የዚያ መስፋፋት ልጅ ነው።

ዕዳው ስንት እንደሆነ ለማየት ምግቡን ብቻ ማስላት ይበቃል። ለብዙ ዓመታት የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ 15 ብር ተመድቦለት ነበር። በዓመት አሥር ወር ብንል 4,500 ብር፣ ዲግሪው ሦስት ዓመት በነበረበት ጊዜ በጠቅላላው 13,500 ብር ይሆናል። የዛሬ ጀማሪ ደመወዝተኛ ይህን በአንድ ዓመት ይጨርሰዋል፤ ዕዳው በብር ስለተጻፈና ብሩም ስለረከሰ የቀድሞ ተመራቂዎች ሳያስቡት ተጠቅመዋል። በጀቱ መጀመሪያ ወደ 22፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። በ15 ብር ሦስት ጊዜ ማብላት የማይቻል ስለነበር ጭማሪው የሚደገፍ ነው። በደንቡ መሠረት የምግብ ወጪ ሙሉ በሙሉ የተማሪው ከሆነ ግን 100 ብር በወር 3,000፣ በዓመት 30,000፣ በአሁኑ የአራት ዓመት ትምህርት 120,000 ብር ይመጣል። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የጀማሪ ዲግሪ ደመወዝ 11,500 ብር ነው። አሥር በመቶው 1,150 ብር። የምግቡ ዕዳ ብቻ ስምንት ዓመት ከስምንት ወር ያስቆጥራል፤ መኝታውና የትምህርቱ 15 በመቶ ገና አልተነሣም።

ይህም ሆኖ ሐይቅና የአምባሰሏ ውጫሌ ላይ ወላጅን እንቅልፍ የሚነሳው ይህ ዕዳ አይደለም። ዕዳው ሩቅ ነው፤ ቅርብ ያለው ሻንጣው ነው። ምደባ ሲወጣ ልጁ ወሎ ወይም ወልድያ ከደረሰው ቤተሰቡ እፎይ ይላል፤ ጅማ ወይም አርባ ምንጭ ከደረሰው የመሳፈሪያ ብቻ ራሱን የቻለ በጀት ይሆናል። ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ ጫማ፣ ስልክ፣ ለስንቅ የሚቋጠር በሶና ዳቦ ቆሎ ከመንገዱ በፊት ይዘጋጃል። ግቢ ከገባ በኋላ የሞጁል ፎቶ ኮፒ፣ ሳሙና፣ የኪስ ገንዘብ አለ፤ ምህንድስና ወይም ኮምፒውተር ለሚማር ደግሞ ላፕቶፕ የግድ ይሆናል። ከእነዚህ አንዱም በውሉ ላይ የለም።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ሐይቅ ዙሪያ ከጤፉና ከማሽላው ሌላ ጫት አለ፤ ከሐይቁ ዓሣ የሚያጠምድም አለ። አምባሰል ደጋው ላይ በግና በሬ ይሸጣል። በሬ የሸጠ ገበሬ ቀጣዩን ክረምት በመቀናጆ ወይም የሰው በሬ ለምኖ ማረስ አለበት፤ ከዚህ የከበደ የትምህርት ክፍያ የለም። ዕቁብ ያለው ጳጉሜን ላይ ዕጣው እንዲደርሰው ይለምናል። ሌላው ምንጭ ዓረብ አገር ነው። ደቡብ ወሎ ወደ ሳውዲና ወደ ቤሩት ብዙ ሴቶች የሚሄዱበት አካባቢ ነው፤ የወንድሟን ወይም የእህቷን የኪስ ገንዘብ የሰው ቤት እየሠራች የምትልክ እህት በየቀበሌው አለች። የላከችው ለአባት ይደርሳል፤ አባትም ሁለት መቶ ሦስት መቶ ብር እየቆነጠረ በቴሌብር ወደ ግቢ ያሳልፈዋል። ለእርሷ የሚፈረም ውል ግን የለም።

ማንም የሌለው ተማሪ ከቀበሌው ችግረኛ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፎ ይሄዳል። ደብዳቤው በወጪ መጋራቱ ላይ የሚለውጠው የለም። የሚጠቅመው ለተማሪዎች የበጎ አድራጎት ክበብ ነው፤ ክበቡ ከራሳቸው ከተማሪዎችና ከመምህራን በሚሰበስበው መዋጮ ደብተርና ሳሙና፣ ለሴቶች ደግሞ የንጽሕና መጠበቂያ ይሰጣል። የድሮው የመንደር ምጽዋት በግቢ ውስጥ ሌላ ስም ይዞ ቀጥሏል ማለት ይቻላል።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት አካባቢውን ሲያዳርስ ደሴና ኮምቦልቻም ተያዙ፤ የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘረፉ። የ12ኛ ክፍል ፈተናም ለጦርነት ቀጠና ተማሪዎች ከሌላው አገር ተለይቶ ዘግይቶ ተሰጠ። ያ ዓመት ለብዙ ቤት የልጅን ስንቅ የሚያክል ጥሪት ያልተረፈበት ነበር።

ወደ ዕዳው ስንመለስ፣ አከፋፈሉ በቀጣሪው ላይ የተንጠለጠለ ነው። መሥሪያ ቤቱ ከደመወዝ ቆርጦ ለገቢዎች ያስገባል፤ ተመራቂው በእጁ የሚይዘው ጊዜያዊ ማስረጃ ሲሆን ኦሪጅናል ዲግሪውን የሚያወጣው ዕዳውን ሲጨርስ ነው። ለመንግሥት ሠራተኛ ይህ ይሠራል። ሐይቅ ላይ ሱቅ ለከፈተ፣ ባጃጅ ለሚነዳ ወይም ዲግሪውን ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ ዓረብ አገር ለሄደች ተመራቂ ቆራጭ የለም። እንዲህ ያለው ሰው ዕዳው ትዝ የሚለው ለውጭ አገር ትምህርት ወይም ለተሻለ ሥራ ኦሪጅናሉ ሲፈለግ ነው፤ ያኔ ጠቅላላውን በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። ደሞዝ ያለው ቀስ እያለ፣ ደሞዝ የሌለው ግን በአንድ ጊዜ እንዲከፍል መሆኑ ከገቢ ላይ የመክፈልን ሐሳብ ገልብጦታል።

ውሉን ለመፈረም የሚበቃው ተማሪ ራሱ አንሷል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ለ2014 ተፈታኞች 3.3፣ ለ2015 3.2፣ ለ2016 5.4፣ ለ2017 8.4 በመቶ ናቸው። ከቀሩት ከፊሉ በሪሜዲያል፣ ማለትም በማካካሻ ትምህርት፣ ይገባል። ሌላው ቴክኒክና ሙያ ወይም ደሴ ያሉ የግል ኮሌጆችን ያያል፤ በግል ኮሌጅ ወጪ መጋራት የሚባል ስለሌለ ክፍያው ከኪስ ነው።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲም ወደዚያው እየተጠጋ ነው። በ2015 ዓ.ም. በወጣው የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ መሠረት መጀመሪያ ራስ ገዝ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። የራሱን መግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ መንግሥት ከሚከፍልላቸው ጎን ለጎን በራሳቸው የሚከፍሉ ተማሪዎችንም ይቀበላል። አዋጁ ሌሎቹም በየተራ እንዲከተሉ መንገድ ከፍቷል። ለውጫሌ ወላጅ ይህ ማለት ከምረቃ በኋላ ከልጁ ደመወዝ ይቆረጥ የነበረው ሒሳብ ከመማሩ በፊት ሊጠየቅ ይችላል ማለት ነው።