ከሐሳብ እስከ ማሽን፦ የጄምስ ዋት 11 ዓመታት

በየእንጀራው መሃል ምጣዷ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የምትደፋ ጋጋሪ እናስብ። የጋለው ምጣድ ይበርዳል፤ ለሚቀጥለው እንጀራ እንደገና ማገዶ መጨመር ግድ ይሆናል። ቶማስ ኒውኮመን በ1712 እ.ኤ.አ. የሠራውና ከእንግሊዝ የማዕድን ጉድጓዶች ውሃ ያወጣ የነበረው የእንፋሎት ሞተር አሠራሩ ይህንኑ ይመስል ነበር። እንፋሎት ሲሊንደሩን ይሞላል፤ ቀጥሎ ቀዝቃዛ ውሃ ይረጭበታል። እንፋሎቱ ወደ ውሃነት ሲመለስ ውስጡ ባዶ ይሆናል፤ የውጪው አየር ግፊትም ፒስተኑን ቁልቁል ይደፍቀዋል። ነገር ግን ሲሊንደሩም አብሮ ስለሚበርድ፣ ቀጥሎ ከሚገባው እንፋሎት አብዛኛው ብረቱን በማሞቅ ብቻ ያልቃል።

በ1763 የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የዚህ ሞተር ትንሽ ሞዴል ተበላሽቶበት ለጄምስ ዋት ሰጠው። ዋት የመለኪያ መሣሪያዎች ሠሪ ነበር፤ ዕድሜውም 27 ነበር። ሞዴሉ ጥቂት ጊዜ ተንቀሳቅሶ እንፋሎት እያለቀበት ይቆም ነበር። ዋት በጥገናው ብቻ አልረካም፤ እንፋሎቱ የት እንደሚባክን በመለካት መረመረ። በ1765 አንድ እሑድ በግላስጎው መስክ ሲንሸራሸር መልሱ መጣለት፦ እንፋሎቱ ሌላ ዕቃ ውስጥ ገብቶ ይቀዝቅዝ። ያ ዕቃ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ፣ ሲሊንደሩ ደግሞ ሁልጊዜ ትኩስ ይሁን።

ብዙዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ይቋጩታል። እኔ ግን የፈጠራ ሥራ እውነተኛ ትምህርት ከዚህ በኋላ የሚጀምር ይመስለኛል። ዋት ሐሳቡን ያየው በአንድ ቀን ነው፤ ለገበያ የበቃ ሞተር የቆመው ግን በ1776 ነው።

በመካከሉ ያለው 11 ዓመት በምን አለፈ? የዘመኑ አንጥረኞች ትልቅ ሲሊንደር ፍጹም ክብ አድርገው መሥራት አይችሉም ነበር። በፒስተኑና በግድግዳው መካከል እንፋሎት ያመልጣል፤ ዋት ክፍተቱን በቡሽ፣ በጨርቅ፣ በወረቀት ለመድፈን ሞከረ። ገንዘብ ያወጣለት የነበረው ጆን ሮቡክ ከሰረ። ዋትም ቤተሰቡን ለማስተዳደር የቦይ ቅየሳ ሥራ ያዘ። መውጫው የተገኘው ከማይጠበቅ አቅጣጫ ነው፤ ጆን ዊልኪንሰን በ1774 መድፍ የሚቦረቡርበት አዲስ ማሽን ሠርቶ ነበር። ያው ጥበብ ሲሊንደርንም አስተካክሎ መቦርቦር ቻለ። ሐሳቡ የዋት ቢሆንም፣ ሥጋ የለበሰው በሌላ ሰው እጅ ጭምር ነው።

አዲሱ ሞተር የድንጋይ ከሰል ፍጆታን እጅግ ቀነሰ። ዋትና ሸሪኩ ማቲው ቦልተን ከደንበኞቻቸው የሚቀበሉት ክፍያም ከተቆጠበው ከሰል ዋጋ አንድ ሦስተኛውን ነበር።

ማሻሻሉ ግን አልቆመም፤ እያንዳንዱ መፍትሔ አዲስ ጥያቄ ወለደ። በ1782 ዋት እንፋሎቱ ፒስተኑን ከላይም ከታችም እንዲገፋ አደረገ። ሆኖም ፒስተኑ ከላይ ከሚወዛወዘው አግዳሚ ጋር የተያያዘው በሰንሰለት ነበር፤ ሰንሰለት ይስባል እንጂ አይገፋም። በብረት ዘንግ እንዳይተካው ዘንጉ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ የአግዳሚው ጫፍ ግን ቅስት እየሠራ ይሄዳል። በ1784 ሁለቱን የሚያስታርቅ የዘንጎች ቅንብር ፈጠረ። በስተርጅናው ከሥራዎቹ ሁሉ ይበልጥ የሚኮራው በዚህ መሆኑን ተናግሯል።

ዋትም ግን ወሰን ነበረው። ፍንዳታን ስለሚፈራ ከፍተኛ ግፊት ያለው እንፋሎት መጠቀምን ተቃወመ። የፈጠራ መብቱ በ1800 ካበቃ በኋላ በ1804 ሪቻርድ ትሬቪቲክ በዚያው ከፍተኛ ግፊት በሐዲድ ላይ የሚሄድ ሞተር አንቀሳቀሰ። «ባቡር» የሚለው ቃላችን ራሱ በዐረብኛ በኩል የተሻገረ የአውሮፓውያን የእንፋሎት ስም ነው። በ1917 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ አዲስ አበባ የደረሰው ሐዲድ ላይ ያ እንፋሎት እየጨሰ ገባ።

ሐሳብ ያለው ወጣት ሁሉ ይህን ቢያስብ እወዳለሁ፦ የመጀመሪያው ሙከራ ማፍሰሱ የሐሳቡን ስህተትነት አያሳይም፤ የሚያሳየው የሚፈስበትን ቦታ ነው። ዋትም ሥራውን የጀመረው እንፋሎቱ የሚባክንበትን ቦታ በመፈለግ ነበር።