ከባሕር ማዶ የመጣች ዝንብ ያዥ ወፍ እንዴት ትታወቃለች?

በአሜሪካ ክፍለ ዓለም ከሚኖሩት አእዋፍ መካከል፣ ሊቃውንቱ ኤምፒዶናክስ ብለው በአንድ ወገን የሚመድቧቸው 15 ያህል የዝንብ ያዥ ዐይነቶች፣ በአንድ ቀለም ተነክረው የወጡ እስኪመስሉ ድረስ ተመሳሳይ ስለ ሆኑ፣ ዕድሜውን ሙሉ አእዋፍን ሲመረምር የኖረ ሰው እንኳ አንዲቱን ከሌላይቱ ለይቶ በስሟ ለመጥራት ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ጀርባቸው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ግራጫ፣ ሆዳቸው ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ሲሆን፣ በክንፋቸው ላይ ሁለት ነጣ ያሉ መስመሮች፣ በአብዛኞቹም ዓይን ዙሪያ ፈዘዝ ያለ ቀለበት ይታያል። ከቅርንጫፍ ላይ እየተወረወሩ የሚበርሩ ነፍሳትን በመቅለብ ጠባያቸው የአፍሪካንና የአውሮፓን ዝንብ ያዦች ቢመስሉም፣ በትውልድ ሐረግ ግን ከእነርሱ ፈጽመው የራቁ ናቸው።

በአገራቸው ሳሉ ከመልካቸው ይልቅ የሚለያቸው ድምፃቸው ነው። አልደርና ዊሎው የሚባሉት ሁለቱ ዐይነቶች፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 1973 ዓ.ም. ድረስ እንደ አንድ ወፍ ሲቆጠሩ ኖረው፣ በመጨረሻ ሁለት መሆናቸውን በዋነኛነት የመሰከረው ዜማቸው ነበር። ብዙዎቹ ዘማሪ አእዋፍ ዜማቸውን ከታላላቆቻቸው እየሰሙ ሲማሩ፣ እነዚህ ግን በሰው እጅ አድገው የሌላውን ወገን ዜማ እየሰሙ እንኳ የገዛ ወገናቸውን ዜማ እንደሚያዜሙ በምርምር ተረጋግጧል፤ ስለዚህ ድምፃቸው ከጎረቤት የማይዋሱት፣ ከደም ጋር የሚወርሱት የማንነት ምስክር ነው።

ነገሩ እጅግ የሚከብደው ወፊቱ ከምትዘምርበት ወራትና ከአገሯ ወጥታ፣ በዝምታ በባዕድ ምድር ስትገኝ ነው። ሴፕቴምበር 22 ቀን 2015 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ በኬንት አውራጃ፣ የባሕር መብራት ማማና የአቶሚክ ኃይል ማመንጫ በቆሙበት በደንጀነስ ጠጠራማ ዳርቻ አንዲት ኤምፒዶናክስ ታየች። የጀርባዋ አረንጓዴነት፣ የምንቃሯ ስፋት፣ የታችኛው ምንቃሯ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቀለም፣ ክንፏም ሲታጠፍ ጫፉ በረዥሙ መውጣቱ፣ እነዚህ ሁሉ ተደምረው ወደ አካዲያን ዝንብ ያዥ ያመለክቱ ነበር፤ እርሷም በምሥራቅ አሜሪካ ጥላማ ደኖች የምትራባ፣ የብርዱን ወራት በመካከለኛው አሜሪካ ደቡብና በደቡብ አሜሪካ ሰሜን ምዕራብ የምታሳልፍ፣ ክብደቷ 13 ግራም ገደማ የሆነ ወፍ ናት።

ይሁን እንጂ እኅቶቿ እንዲህ በሚቀራረቡበት ወገን የዓይን ምስክርነት ብቻውን ሁሉን ስለማያረካ፣ ወፊቱ የጣለችው ኩስ ተለቅሞ በአበርዲን ዩኒቨርሲቲ ተመረመረ። ኩስ በአንጀት ሲያልፍ ጥቂት የገላ ሕዋሳትን ይዞ ይወጣልና፣ በውስጡ የተገኘው ዲ ኤን ኤ ከታወቁት ዐይነቶች ጋር ሲነጻጸር አካዲያን መሆኗን አረጋገጠ። እንዲህም ሆኖ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. በአይስላንድ ከተገኘችው አንዲት በቀር በአውሮፓ ታይታ የማታውቀው ወፍ፣ ላባዋ ሳይነካና ሳትያዝ፣ በብሪታንያ የአእዋፍ መዝገብ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጻፈች።

የአእዋፍ መዝገብ እንግዳን በማየት የሚገኝ ደስታ ማስታወሻ ብቻ አይደለም፤ የአንድ ፍጥረት ክልል እስከ የት እንደሚደርስ፣ የመከር ማዕበልም ስንቱን ከመንገዱ እንደሚያስት የሚታወቀው በእርሱ ነው፤ አንድ የተሳሳተ ስም ከገባበትም ስሕተቱ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ይወራረሳል። ስለዚህ ብርቅ ወፍ ያየ ሰው፣ ስም ለማውጣት ከመቸኮሉ በፊት የክንፏን ቅርጽና የምንቃሯን ቀለም ጽፎና ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ድምፅ ካሰማችም ቀርጾ፣ የወደቀ ላባ ወይም ኩስ ካገኘም ጠብቆ ማኖር ይገባዋል፤ ለእርሱ የማይናገረው ማስረጃ ከእርሱ ይልቅ መመርመሪያ በተሟላለት ሰው ፊት ይናገራልና።