የሐምሌ በረዶ፦ የስኪ ስፖርተኞች የበጋ ካምፕ

አላስካ ውስጥ ጊርድውድ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ከአንኮሬጅ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። እኛ ዘንድ ዝናቡ በሚበረታበት በሐምሌ እዚያ በጋ ነው፤ ተራራው አረንጓዴ ለብሷል። በዚሁ ወር ስኪያቸውን፣ ዘንጎቻቸውንና የሳምንት ስንቃቸውን ይዘው ሄሊኮፕተር የሚጠብቁ ወጣቶች እዚያ አይጠፉም። በረራው የጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሲወርዱ ግን የሚረግጡት ነጭ በረዶ ነው። ቦታው ኢግል ግላሲየር ይባላል። ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ፣ በጋውን ሙሉ የማይጠፋ የበረዶ ግግር ነው። ከግግሩ ዳር፣ ዓለቱ ላይ፣ የአላስካ ፓሲፊክ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድረው ማሠልጠኛ ቤት አለ። የመኪና መንገድ አይደርሰውም።

የሚመጡት የአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳዳሪዎች ናቸው። አገር አቋራጭ ስኪ ከተራራ ቁልቁል መወርወር አይደለም፤ ዳገቱንም ሜዳውንም በራስ እግርና ክንድ እየገፉ መጓዝ ነው። ውድድሩ በኅዳር ጀምሮ በመጋቢት ያልቃል። ስፖርተኛው የሚሠራው ግን በቀሩት ወራት ነው። ኖርዌያዊቷ ማሪት ቢየርገን በአምስት የክረምት ኦሎምፒኮች 15 ሜዳሊያ አግኝታለች፤ 8ቱ ወርቅ ናቸው። በጥሩ ዘመኗ በዓመት ከ900 ሰዓት በላይ ትለማመድ እንደነበር የሥልጠና መዝገቧን ያጠኑ ባለሙያዎች ጽፈዋል። ለዓመቱ ቀናት ሁሉ ቢካፈል በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይደርሳል። ይበልጥ የሚያስደንቀው ደግሞ ከጽናት ልምምዷ ከ90 በመቶ የሚበልጠው በዝግታ የተሠራ መሆኑ ነው። ሱሉልታና እንጦጦ ላይ ማልደው የሚሮጡ አትሌቶቻችንን ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ የዓለም ሻምፒዮኑም ቢሆን በቀላል ልምምዱ ቀን ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው።

አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሳንባና ልብ በሩጫም በብስክሌትም ይገነባሉ። ታዲያ ሄሊኮፕተር ተከራይቶ በሐምሌ በረዶ ፍለጋ መውጣት ለምን አስፈለገ?

መልሱ ያለው እግር ሥር ነው። የስኪ ሰዎች በበጋ አስፋልት ላይ የሚለማመዱበት መሣሪያ ባለ ጎማ ስኪ ነው። ከጫማው የሚረዝም ዘንግ ሆኖ ከፊትና ከኋላ ጎማ አለው፤ አብዛኛው ፍሬን የለውም። ቁልቁለት ላይ የወደቀ ሰው ክርኑንና ጉልበቱን አስፋልት ይልጠዋል። ለክላሲክ አካሄድ፣ ማለትም ሁለቱ ስኪዎች ጎን ለጎን ቀጥ ብለው ለሚሄዱበት፣ የተሠራው ዓይነት አንደኛው ጎማው ወደ ፊት ብቻ ነው የሚዞረው፤ ወደ ኋላ ይቆልፋል። ስለዚህ ስፖርተኛው በየትኛውም ቅጽበት ቢገፋ ስኪው አይከዳውም።

በረዶ ላይ እንዲህ የለም። እውነተኛው የክላሲክ ስኪ መሐሉ እንደ ቀስት የጎበጠ ነው፤ እዚያ ጉብታ ሥር የሚይዝ ሰም ይቀባል። ሰሙ በረዶውን የሚነካው ተወዳዳሪው ሙሉ ክብደቱን በአንድ እግሩ ላይ አድርጎ ወደ ታች ሲጫን ብቻ ነው፤ ለዚህ ያለው ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ ብዙም አይበልጥም። ከዘገየ ስኪው ወደ ኋላ ያመልጠዋል። ክብደቱን በሁለቱ እግሮቹ መካከል ካስቀረም ያመልጠዋል። ጎማው ስድስት ወር የሸፈነለትን ጥፋት በረዶው በመጀመሪያው ዳገት ያጋልጠዋል። የበጋ ካምፕ ዋና ሥራው ይህን ጥፋት ሳይሰነብት ማረም ነው። ኅዳር ላይ ውድድር ሲጀመር ለማረም ጊዜ አይኖርም።

ኢግል ግላሲየር ላይ ቀኑ በማለዳ ይጀምራል። ሌሊቱን የቀዘቀዘው በረዶ ጠዋት ጠጣር ነው፤ የበጋ በረዶ ቀልጦ መልሶ የረጋ ስለሆነ እንደ ሸካራ ጨው እንክብል እንክብል ይላል። ሰንሰለት ጎማ ያለው ማሽን ቀድሞ ይሄድበትና መስመር ያወጣለታል። ስፖርተኞቹ ሁለት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይሠራሉ፤ ምሳ በልተውና ጥቂት ተኝተው ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ። ያኔ ፀሐይ በረዶውን አላልታዋለች፤ ስኪው ይሰምጣል፤ ያው መስመር በእጥፍ ይከብዳል። ፀሐይዋ የምታቃጥለው ከላይ ብቻ አይደለም፤ በረዶው ብርሃኑን መልሶ ወደ ላይ ስለሚረጨው የፀሐይ ቅባቱ ከአገጭ በታችና በአፍንጫ ቀዳዳ ዙሪያም ይቀባል። ጥቁር መነጽር ያልያዘ ሰው ዓይኑን ይታመማል።

ጭጋግ ሲወርድ ሰማዩና ምድሩ አንድ ነጭ ይሆናሉ። ፊት ለፊት ዳገት ይኑር ቁልቁለት አይለይም። ሄሊኮፕተሩም አይነሣም፤ ሊመለሱ ያሰቡበት ቀን ያልፋል። ለዚህ ነው ስንቁ በትርፍ የሚያዘው። ምግቡን በተራ ያበስላሉ፤ የረጠበ ጫማና ጓንት ማሞቂያው አጠገብ ይሰቀላል። አሠልጣኙ ቀን የቀረጸውን ቪዲዮ ማታ አብረው ያዩታል፤ የአንዱ ዳሌ ወደ ኋላ መቅረቱ፣ የሌላው ዘንግ ቀድሞ መሬት መንካቱ እዚያ ይታያል። ለሳምንት ሌላ መሄጃ የለም፤ ሐሳቡም ወሬውም ስኪ ነው። እኔ የካምፑ ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል። ከተማ ውስጥ በሁለት ልምምዶች መካከል የሚገባ ትምህርት፣ ሥራና ጉዳይ ሁሉ እዚያ የለም።

አንኮሬጅ ያደገችው ኪካን ራንዳል ለዓመታት የተለማመደችው በዚሁ ግግር ላይ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. በፒዮንግቻንግ ኦሎምፒክ ከጄሲ ዲጊንስ ጋር በቡድን ስፕሪንት ስዊድንን በ0.19 ሰከንድ ቀድመው ወርቅ ወሰዱ። በአገር አቋራጭ ስኪ የአሜሪካ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅ ነበር።

ሁሉም ግን አላስካ አይሄድም። አውሮፓውያን ኦስትሪያ ራምሳው አርፈው በኬብል መኪና ወደ ዳክስታይን ግግር ሲወጡ ኖረዋል። በነሐሴ ኒውዚላንድ ወርደው ስኖው ፋርም የሚሰነብቱም አሉ፤ እዚያ ወቅቱ ብርድ ነው። ፊንላንድ ቩካቲና ጀርመን ኦበርሆፍ ደግሞ በበጋም በማሽን የሚቀዘቅዙ የስኪ ዋሻዎች ተሠርተዋል። ዋሻዎቹ ይበልጥ እየተፈለጉ የሚሄዱ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ግግሮቹ እየሳሱ ነው። በ2022 ሐምሌ መጨረሻ ስዊዘርላንድ ውስጥ ዜርማት፣ በጋውን ሁሉ ስኪ በሚካሄድበት ግግር ላይ፣ በሙቀቱ ምክንያት ስኪው ለጊዜው ቆሞ ነበር።

የእኛም ሰው በዚህ ስፖርት ታሪክ ውስጥ አለ። ሮቤል ተክለማርያም አዲስ አበባ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ስኪን በኒውዮርክ ግዛት ተራሮች ተማረ፤ ለኒው ሃምፕሸር ዩኒቨርሲቲ ተወዳደረ። በ2006 ቶሪኖ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በመሰለፍ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የክረምት ኦሎምፒክ ተወዳዳሪ ሆነ፤ በ2010 ቫንኩቨር ላይም ደገመው። ኢትዮጵያ ሲመጣ በባለ ጎማ ስኪ አስፋልት ላይ ይለማመድ ነበር። ከፍታው ላይ ለመሥራት ምቹ አገር አለን፤ በረዶው ብቻ ነው የጎደለው። ከእሱ በኋላ በ2014፣ በ2018ና በ2022 የተሰለፈ ኢትዮጵያዊ የለም።

በረዶው ያለው በውጭ አገር ልጆቻችን በሚያድጉበት ነው። ሚኒያፖሊስ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ በቴዎዶር ዊርዝ ፓርክ የስኪ መስመር አላት። በየካቲት 2024 የዓለም ዋንጫ ውድድር እዚያው ተካሂዶ የአንኮሬጁ ልጅ ገስ ሹማከር በ10 ኪሎ ሜትር አሸንፏል። እዚያም ሆነ ስቶክሆልምና ኦስሎ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ በሩጫ ሳንባው ጠንክሮ ካያችሁት፣ በሚቀጥለው ብርድ ወቅት አቅራቢያችሁ ወዳለው የስኪ ክበብ አንድ ቀን ውሰዱት።