እንዴት ይሠራል? ኩላሊት ሳያመው ሲደክም

ወገቡን የቆረጠመው ሰው ሁሉ «ኩላሊቴ ነው» ይላል። መፍትሔውም አይጠፋም፦ ውኃ በብዛት፣ አንድ ሁለት ቢራ፣ አልሻል ካለ ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ። ብዙውን ጊዜ ግን የታመመው የወገብ ጡንቻ ወይም አጥንት ነው። ጠጠርና ኢንፌክሽን ኩላሊትን ያሳምማሉ፤ ሥር የሰደደው የኩላሊት በሽታ ግን ለዓመታት ምንም ሳያሳምም ነው የሚሄደው። ምክንያቱ አሠራሩ ላይ አለ።

አውጥቶ መመለስ

ኩላሊት የቡጢ ያህል ነው። ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛ ያህሉ ወደ ሁለቱ ኩላሊቶች ይሄዳል። በእያንዳንዳቸው ውስጥ ኔፍሮን የሚባሉ አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። ሁሉም ተባብረው በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያወጣሉ፤ በሽንት የሚወርደው ግን አንድ ሁለት ሊትር ብቻ ነው። ነገሩ ቁም ሣጥን እንደማጽዳት ነው፦ አላስፈላጊውን እየፈለጉ ከመልቀም ይልቅ ሁሉንም አውጥቶ፣ የሚፈለገውን መልሶ መደርደር። ውኃው፣ ስኳሩና አብዛኛው ጨው ወደ ደም ይመለሳል፤ ቆሻሻው ይወገዳል።

የጠፋ ኔፍሮን አይተካም። የተረፉት ሥራውን ደርበው ይይዙታል። ለዚህ ነው ግማሹ አቅም ጠፍቶም ሰው ሮጦ የሚያድረው፤ ሽንቱም እንደ ወትሮው የሚወርደው። ነገር ግን የተደረበባቸው ማጣሪያዎች ከፍ ባለ ግፊት ስለሚሠሩ እነሱም በተራቸው ይጎዳሉ። ስኳርና ደም ግፊት ያለበት ሰው ላይ ይህ ይፋጠናል። የእግር እብጠት፣ ድካም፣ ማሳከክና ማቅለሽለሽ ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ በሽታው ርቆ ሄዷል።

አንድ ቁጥር፣ ሁለት ሰው

ላቦራቶሪ ክሬያቲኒን የሚለካው ምልክቱ ዘግይቶ ስለሚመጣ ነው። ክሬያቲኒን ጡንቻ በየቀኑ የሚጥለው ቆሻሻ ነው፤ የማጣራት አቅም በግማሽ ሲቀንስ በደም ውስጥ ያለው መጠን እጥፍ ይሆናል። ከ0.6 ተነሥቶ 1.2 የደረሰ ሰው ግን ወረቀቱ ላይ ብዙ ጊዜ «ኖርማል» ተብሎ ያልፋል።

ስለዚህ ቁጥሩ ከዕድሜና ከጾታ ጋር ይሰላል፤ ውጤቱ ኢ-ጂ-ኤፍ-አር ይባላል። ክሬያቲኒናቸው እኩል 1.2 የሆነ ሁለት ሰዎችን እንውሰድ። የ25 ዓመት ወንድ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ቀመር፣ አቅሙ 86 ገደማ ነው። የ60 ዓመት ሴት ከሆነች ግን 52 ገደማ ነው። ከ60 በታች ሆኖ ከ3 ወር በላይ ከቆየ በሽታው ሥር ሰዷል ይባላል፤ ከ15 በታች ሲወርድ ስለ ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) እና ስለ ንቅለ ተከላ መነጋገር ግድ ይሆናል።

ሁለተኛው ምርመራ ሽንት ውስጥ አልቡሚን የሚባለውን ፕሮቲን መፈለግ ነው። ደኅና ማጣሪያ አልቡሚንን እምብዛም አያሳልፍም፤ ስለዚህ ክሬያቲኒኑ ገና ሳይነቃነቅ ጉዳቱን ቀድሞ የሚናገረው ብዙ ጊዜ ይኸኛው ነው።

መግቢያውና መውጫው

እያንዳንዱ ማጣሪያ ደም የሚገባበትና የሚወጣበት ቀጭን የደም ሥር አለው። ኢናላፕሪልና መሰሎቹ የደም ግፊት መድኃኒቶች መውጫውን ሰፋ ያደርጉታል፤ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ፕሮቲኑም መፍሰሱን ይቀንሳል። መድኃኒቱ በተጀመረ ሰሞን ክሬያቲኒን ትንሽ ከፍ ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ «ኩላሊቴን ጎዳው» ብሎ በራስ ማቆም ግን ስሕተት ነው። ሐኪሙ ክሬያቲኒኑንና ፖታሲየሙን እያየ ይወስናል። ነፍሰ ጡር ግን ይህን መድኃኒት አትወስድም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ለስኳር የተሠሩት እንደ ዳፓግሊፍሎዚን ያሉ መድኃኒቶችም የበሽታውን ጉዞ እንደሚያዘገዩ ተረጋግጧል፤ ስኳር በሌለባቸው ሰዎች ላይ ሳይቀር።

ማስታገሻዎቹ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚያደርጉት ሌላ ነው፦ መግቢያውን ያጠባሉ። ጤነኛ ሰው ለአንድ ሁለት ቀን ቢወስዳቸው ብዙ ጊዜ ይቋቋመዋል። በደከመ ኩላሊት ላይ፣ ያውም ከኢናላፕሪልና ከሚያሸና መድኃኒት ጋር፣ ወይም ተቅማጥ ውኃውን በጨረሰበት ሰው ላይ ሲሆን ግን በቀናት ውስጥ ኩላሊትን ሊያቆም ይችላል። ወገቡን አሞት «ኩላሊቴ ነው» ብሎ የሚውጠው ሰው ደኅና የነበረውን ኩላሊት ሊጎዳ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው። ለሕመም ማስታገሻ ፓራሲታሞል በልኩ ይሻላል።

ጓዳ ውስጥ

ጨው ግፊትን ስለሚጨምር መጀመሪያ መቀነስ ያለበት እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ልክ በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። በየቤቱ ሽሮውም በርበሬውም ሲፈጭ ጨው ይገባበታል፤ ከዚያ ወጡ ላይ ይጨመራል። ስለዚህ ሲፈጭ ያለ ጨው ማዘጋጀት፣ ወጡንም በነጭ ሽንኩርት፣ በኮረሪማና በሎሚ ማጣፈጥ ይረዳል። «የጨው ምትክ» ተብለው የሚሸጡት ብዙዎቹ ፖታሲየም ስለሆኑ የታመመ ኩላሊት ላይ አደገኛ ናቸው።

ሙዝ፣ አቮካዶና ድንች የሚከለከሉት ፖታሲየሙ ከፍ ላለበት ሰው ነው እንጂ ለሁሉም አይደለም። ድንቹ ተቆራርጦ በብዙ ውኃ ተቀቅሎ ውኃው ሲደፋ ፖታሲየሙ ይቀንሳል። ውኃን ከጥማት በላይ መጋት ግን ኩላሊትን አያድስም፤ በካናዳ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ውኃ እንዲያበዙ የተመከሩት ሕመምተኞች ከሌሎቹ እንዳልተሻሉ አሳይቷል። ቢራውም እንዲሁ ነው።

ለምን ቀድሞ?

ጤነኛ ኩላሊት በሳምንት 168 ሰዓት ይሠራል፤ ዲያሊሲስ በተለመደው ልክ በሳምንት ሦስት ጊዜ አራት አራት ሰዓት፣ ማለትም 12 ሰዓት ነው። በአገራችን ለዚያም የሚከፈለው ብዙ ቤተሰብ አራቁቷል፤ አዲስ አበባ ውስጥ በድምፅ ማጉያ ለኩላሊት እጥበት ርዳታ ሲጠየቅ ያልሰማ ጥቂት ነው። ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል፤ ለጋሽ ማግኘቱ ግን ራሱን የቻለ ፈተና ነው።

ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለብዎ፣ በቤተሰብዎ የኩላሊት ሕመም ካለ፣ ወይም ማስታገሻ ለረጅም ጊዜ ከወሰዱ፣ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ሁለቱንም ይጠይቁ፦ ክሬያቲኒኑን ከነኢ-ጂ-ኤፍ-አሩ፣ የሽንቱንም አልቡሚን። ውጤቱን ጽፈው ያስቀምጡት፤ የዘንድሮው ቁጥር ትርጉም የሚኖረው ከአምናው ጋር ሲተያይ ነው።