ሰው ሠራሽ ጉልበትና የየካ ዳገት

ሰው ሠራሽ ጉልበት ሲባል ብዙ ሰው ጉልበቱ ከነመገጣጠሚያው ተቆርጦ የሚወጣ ይመስለዋል። ሥራው ከዚያ ያነሰ ነው። ሐኪሙ ተበልቶ ያለቀውን ልም አጥንት ከሥሩ ካለው ጥቂት ሚሊሜትር አጥንት ጋር ይከረክማል። የጭን አጥንትን ጫፍ ከኮባልትና ከክሮም በተቀየጠ ብረት ያለብሰዋል። በቅልጥም አጥንት አናት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከታይታኒየም የተሠራ ጠፍጣፋ መደብ ይተክላል፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ ጠንካራ ፕላስቲክ ይገባል። የጉልበት ሎሚም እንደ ሁኔታው ከውስጥ በኩል ፕላስቲክ ይለጠፍበታል ወይም እንዳለ ይተዋል። ዋናዎቹ የጎን ጅማቶች፣ ጡንቻዎቹና ነርቮቹ የሰውየው የራሱ እንደሆኑ ይቀራሉ። ዛሬ የሚሠራበት ንድፍ መሠረት የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሲሆን፣ ዕድሜውም አያሳፍርም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሰላው፣ ሙሉ ለሙሉ ከተቀየሩ 100 ጉልበቶች 82 ያህሉ 25 ዓመት ይቆያሉ። ቀዶ ሕክምናው አዲስ አበባ ውስጥም ይሠራል፤ አቅም ያለው ሕንድ ወይም ታይላንድ ሄዶ ያሠራል። የትም ቢሠራ ታካሚው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሆስፒታል ይወጣል፤ የቀረው ሥራ የሚሠራው ለምሳሌ በየካ ክፍለ ከተማ ኮተቤ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ወይም ሾላ አካባቢ ባለ ቤቱ ውስጥ ነው።

ይህ የቀረ ሥራ ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ነው። ብረቱ የሚያስወግደው አጥንት ለአጥንት የሚፋጭበትን ሕመም ነው። እግሩን የሚያነሳው፣ ከወንበር የሚያስነሳው፣ ደረጃ ላይ የሚያቆመው ግን የጭን የፊት ጡንቻ ነው፤ ይህ ጡንቻ ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ክፉኛ ይደክማል። አሜሪካ ውስጥ የተደረገ አንድ የታወቀ ልኬት እንዳሳየው፣ ቀዶ ሕክምናው በተሠራ በአንድ ወር ገደማ የጡንቻው ኃይል ቀድሞ ከነበረው ከ60 በመቶ በላይ ይቀንሳል። ምክንያቱ መመንመኑ ብቻ አይደለም። ያበጠና የቆሰለ መገጣጠሚያ በነርቭ በኩል የሚልከው መልእክት ጡንቻው በሙሉ ኃይሉ እንዳይታዘዝ ያግደዋል፤ ታካሚዋ እግርሽን አንሺ ብላ ራሷን ስታዝ እግሯ ዝም የሚላት ለዚህ ነው። ይህ በእንቅስቃሴ የሚመለስ ነው። ሌላው እንቅፋት ግን ከጡንቻው ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ ግምገማ እንዳገኘው፣ ሰዎች መገጣጠሚያቸውን ባስቀየሩ በስድስት ወራቸው ሕመማቸው ቢቀንስም በመሣሪያ ሲለካ የቀን እንቅስቃሴያቸው ከቀድሞው እምብዛም አልተለወጠም፤ በዓመቱም የታየው ለውጥ መጠነኛ ነበር። አይገርምም። ጉልበቱ ያስቸገረው ሰው አሥር ዓመት ሙሉ መቀመጥን ተለማምዷል፤ ቤተሰቡም እሱን ማስቀመጥን ተለማምዷል። ስለዚህ የተቀየረን ጉልበት እንዲንቀሳቀስ ማበረታታት ለጨዋነት የሚጨመር ምርቃት ሳይሆን ራሱ የሕክምናው ክፍል ነው፤ ይህን ክፍል የሚሠራው ደግሞ ከሐኪሙ ይልቅ ቤተሰቡ ነው።

የእኛ ቤተሰብ ደግሞ ፍቅሩን የሚገልጸው በማስተኛት ነው። ከሆስፒታል የወጣች እናት አልጋዋ ይነጠፋል፣ አጥሚቱና ሾርባው ይመጣል፣ ጠያቂው ይጎርፋል። ልትቀበል ብድግ ስትል «ኧረ በማርያም አይነሱ!» የማይል እንግዳ የለም፤ ልጆቿም «እማዬ፣ አንቺ አርፈሽ ተኚ» ይላሉ። ከሁሉም የከፋው ከጉልበቷ ሥር የሚደረገው ትራስ ነው። ትራሱ ጉልበቱን በትንሹ አጥፎ ስለሚያስቀምጠው ሕመሙ ይቀልላል፤ በዚያ ሁኔታ ሲከርም ግን ጠባሳው እንደታጠፈ ይጠነክርና ጉልበቱ መዘርጋት ያቅተዋል። ሙሉ በሙሉ የማይዘረጋ ጉልበት ያለው ሰው ቆሞ ባለበት ጊዜ ሁሉ የጭኑ ጡንቻ ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ቅዳሴ ቆሞ ለሚያስቀድስ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ትክክለኛው ቦታ ተረከዝ ሥር ነው፤ የተጠቀለለ ፎጣ ተረከዙን ብድግ አድርጎት፣ ጉልበቱ በራሱ ክብደት ወደ ፍራሹ እንዲወርድ ይተዋል። ወደ መታጠፉ ስንመጣ፣ በሜዳ ለመራመድ 67 ዲግሪ ያህል፣ ደረጃ ለመውረድ 90፣ ከተለመደ ወንበር ለመነሳት 93፣ ዝቅ ካለ መቀመጫ ለመነሳት ደግሞ 105 ያህል ያስፈልጋል። ቡና የሚፈላበት በርጩማ ከመጨረሻው ወገን ነው። እነዚህ ዲግሪዎች በአብዛኛው የሚገኙት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው፤ ጠባሳው ከደረቀ በኋላ ጉልበትን ማላላት ብዙ ጊዜ ዳግመኛ ሐኪም እጅ መግባትን ይጠይቃል።

የሚነሳው የመጀመሪያ ተቃውሞ ሕመሙ ነው፤ ያመመውን ሰው ተነሳ ማለት ጭካኔ አይሆንም ወይ? ጥያቄው ትክክል ነው፤ ጥርስን ነክሶ በግድ ማጠፍም አይመከርም። ነገር ግን የተለያዩ ሕመሞች አሉ። ሲንቀሳቀሱ የሚጨምርና አረፍ ሲሉ የሚበርድ ሕመም የሚጠበቅ ነው፤ ማስታገሻውም የሚታዘዘው ተኝቶ ለማለፍ ብቻ ሳይሆን ለመንቀሳቀስ እንዲያስችል ነው። በማግስቱ ጉልበቱ ከትናንት ይልቅ አብጦና ግሎ ከተገኘ ልኩ አልፏልና ርቀቱን ቀንሶ መቀጠል ነው እንጂ ማቆም አይደለም። ባት ላይ የሚመጣ አዲስ ሕመምና እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት፣ ትኩሳት ወይም ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ ግን ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል የሚያስኬድ ነው። እዚህ ላይ መዘንጋት የሌለበት ነገር፣ እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ራሱ ተኝቶ መዋል መሆኑ ነው፤ ቁርጭምጭሚትን ወደ ላይና ወደ ታች ማንቀሳቀስ ገና ከአልጋ ሳይወረዱ የሚታዘዘውም ደሙ እንዲዘዋወር ነው። ያበጠ ባትን ወጌሻ ጠርቶ ማሳሸት አደገኛ የሚሆነው የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ስለሚችል ነው። እንጦጦ ለጠበል መሄድ የሚፈልግም ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪዘጋ ጠብቆ፣ ሐኪሙን ጠይቆ ቢሆን ይሻላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ብዙ ብር የወጣበት ጉልበት በመራመድ ያልቃል የሚለው ነው። እውነት የሌለው አይደለም፤ ፕላስቲኩ በአጠቃቀም ይበላል፤ ሐኪሞችም ሩጫና ዝላይን የማያበረታቱት ስለዚህ ነው። ግን ላይ የጠቀስነው 25 ዓመት የተለካው በመስታወት ሣጥን ውስጥ በተቀመጠ ጉልበት ሳይሆን ሰዎች በተራመዱበት ጉልበት ነው። ጉልበትን ለመቆጠብ ሲባል የሚቀመጥ ሰው ክብደት ይጨምራል፣ ስኳርና ደም ግፊቱን ያባብሳል፤ የጨመረውን ክብደት የሚሸከመው ደግሞ ያው ጉልበት ነው።

ሦስተኛው፣ ለእኛ አገር በጣም የሚስማማው ተቃውሞ፣ ፊዚዮቴራፒስቱ የት አለ የሚለው ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎቹን ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ቁጥራቸው ቢጨምርም ለአገሩ አይበቁም። ባለሙያ ካለ መገኘቱ ጥሩ ነው፤ በተለይ ጉልበቱ አልታጠፍ ወይም አልዘረጋ ላለው ግድ ነው። ይሁንና ማስረጃው ለተራው ታካሚ ተስፋ ይሰጣል። አውስትራሊያ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ ያለ ችግር ቀዶ ሕክምናውን ከጨረሱ ሰዎች መካከል ማገገሚያ ሆስፒታል ተኝተው የተረዱትን፣ በክትትል ቤታቸው እየሠሩ ካገገሙት ጋር አወዳደረ፤ ከስድስት ወር በኋላ በመራመድ ችሎታቸው ልዩነት አልተገኘም። እግርን አስሮ በራሱ የሚያጥፍና የሚዘረጋው ማሽንም ሲፈተሽ ለታካሚው ጉልህ ጥቅም አላመጣም፤ ማሽኑ ሲያንቀሳቅሰው የሰውየው ጡንቻ ሥራ ፈትቷልና። ለቤት ሥራው የሚያስፈልገው የማይንሸራተት ወንበር፣ ፎጣና ሰዓት ጠብቆ የሚያስታውስ ሰው ነው።

ማስታወስ ስል መጨቅጨቅ ማለቴ አይደለም፤ «ተንቀሳቀሱ እንጂ!» የሚል ምክር የትም አያደርስም። ቦስተን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት፣ ጉልበታቸውን ላስቀየሩ ሰዎች እርምጃ መቁጠሪያ አስሮላቸው፣ ለከፊሎቹ ደግሞ በየጊዜው ስልክ እየደወለ ግብ የሚያስቆርጥ አማካሪ መደበላቸው፤ ግባቸውን ሲመቱም ገንዘብ ሸለማቸው። ስልኩና ሽልማቱ አንድ ላይ ሲሰጡ የቀን እርምጃቸው ከሌሎቹ በግልጽ በለጠ። ገንዘቡን ለጊዜው እንተወው፤ ከጥናቱ የሚወሰደው ግቡ በቁጥር መቆረጡ፣ ጠያቂም መኖሩ ነው። በየካ ቤት ይህ ማለት በመጀመሪያው ሳምንት ከአልጋ እስከ በረንዳ፣ ቀጥሎ እስከ አጥሩ በር፣ ከዚያ እስከ ሰፈሩ ሱቅ ሄዶ መመለስ ነው፤ የእርምጃው ቁጥር የልጅ ልጅ ስልክ ላይ ይታያል። ቡናውን ከበርጩማ ወደ ከፍ ያለ ወንበር አዛውሮ ማፍላቱን ለእናትየው መመለስ፣ አባትየውን ደግሞ ወደ እድሩ ስብሰባ በእግሩ እንዲሄድ መጠበቅ ከስፖርት ትእዛዝ ይበልጣል። ምርኩዙ በተሠራው እግር ተቃራኒ እጅ ይያዛል፤ ቁመቱም እስከ እጅ አንጓ ነው። ክራንች የሚያሳፍረው ሽማግሌ ከዘራን በደስታ ይይዛል። መቋሚያ ግን ቆሞ ለመደገፍ እንጂ ለመራመድ አልተበጀም፤ በጣም ይረዝማል። ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ ሲኬድ፣ በዲግሪው መገደብ የተነሳ ተንበርክኮ መስገድ ብዙዎችን ይከብዳቸዋል፤ ብረቱን ባይጎዳውም ጠባሳው ላይ መንበርከክ ያማል። ወንበር ላይ ሆኖ መጸለይ የሚያሳፍር እንዳልሆነ ካህኑ ወይም ኢማሙ አንድ ጊዜ ቢናገሩ ከሐኪም ምክር ይበልጥ ይሰማል።

የቀረው ዳገቱ ነው። በርሊን ያሉ ተመራማሪዎች መለኪያ በውስጡ ያለበት ሰው ሠራሽ ጉልበት ለታካሚዎች አስገብተው እንዳነበቡት፣ በሜዳ ሲራመዱ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ከሰውነት ክብደት 2.6 እጥፍ ያህል፣ ደረጃ ሲወጡ 3.2፣ ሲወርዱ ግን 3.5 እጥፍ ገደማ ይደርሳል። የሚያደክመው መውጣቱ ቢሆንም ጉልበቱ ላይ የሚከብደው መውረዱ ነው። ስለዚህ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰው መለማመጃውን ከቤቱ በታች ካለው ቁልቁለት ባይጀምር፤ ከአራት ኪሎ በቀበና ወደ መገናኛ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ይሻለዋል። እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በየጊዜው መኪና ቆሞ ለእግረኛ የሚለቀቁት «መንገድ ለሰው» የሚባሉት ጎዳናዎችም ለዚሁ ዓይነት ሰው የተሠሩ ያህል ናቸው። ደረጃ ሲወጣ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ሲወርድ የተሠራው። እ.ኤ.አ. በ2020 የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ከወራት በኋላ የሚደረስበት ነው፤ ከፍታው 3000 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ስለሆነ፣ በቀዶ ሕክምና ደሙ የቀነሰ ሰው ቶሎ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሲኬድም በእግር ወጥቶ በመኪና መውረድ ይሻላል።

ከዚያው ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር ግን እስካሁን የቀረበውን ሁሉ የሚፈትን ጥያቄ ይነሳል። ጉልበቷ እያመማት ቅጠልና ጭራሮ በጀርባዋ ተሸክማ ቁልቁለቱን የምትወርድ ሴት የእንቅስቃሴ እጥረት የለባትም፤ ተንቀሳቀሺ የሚላት ሰው ያሾፈባት ይመስላታል። እውነትም ለእሷ መድኃኒቱ ሸክሙን መቀነስ ነው እንጂ እርምጃ መጨመር አይደለም፤ የሰውነቷ ክብደት ላይ ሸክሙ ሲደመር በቁልቁለት የሚባዛው ድምሩ ነውና። ቀዶ ሕክምናው ራሱ ከአቅሟ በላይ ነው። ነገር ግን የዓለም የሕክምና መመሪያዎች ለተበላ ጉልበት ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚያስቀድሙት ያንኑ የጭን ጡንቻ ማጠናከር ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ቀጥ አድርጎ መዘርጋት፣ ጥቂት ሰከንድ ይዞ ቀስ ብሎ ማውረድ፣ አሥር ጊዜ ያህል መደጋገም፣ ከዚያ ወደ ሌላኛው እግር ማለፍ። ይህን ጤና ጣቢያ ያለ ነርስም፣ ቤት ለቤት የሚዞር የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም በአምስት ደቂቃ ሊያሳይ ይችላል።